አንዷን ደወል

አፉላ ከተማ፣ ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ፣
መሰላሌን ተሸክሜ በጠዋቱ ስገባ፣
ወይዘሮ አበዙ ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤
«የደወሉ ሐኪም አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ።
ስማቸውን ስሰማ ሳቄን ዋጥ አደረግኩት፤
አበዙ! የቤቱን በሽታ በስማቸው አገኘሁት።

የላከኝ ልጃቸው ነው፣ አሳፍ፣ ኤላት ሆቴል የሚሠራ፤
«ወር ሙሉ አልተኛሁም» ብሎኛል፣ በደከመ ድምፅ ሲያወራ፤
«በሌሊት አርባ ጊዜ ስልኬ ይጮኻል፤ ስነሳ በድንጋጤ
ሌባ ያልኩት ድመት፣ ሌባ ያልኩት ቀበሮ፤ አለቀ ጉልበቴ።
ውሸቱን ቀንስልኝ፤ እውነቱን ብቻ ተው።»
ቀላል ነው አልኩት። ሃያ ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነው።

ከደጅ ጀመርኩ። ካሜራዋ ዓይን ላይ ሸረሪት ቤት ሠርታለች፤
በጨለማ፣ ከመብራቷ ፊት፣ አንዲት ክር ስትወዛወዝ ሰው ታክላለች።
በጨርቅ ጠረግኳት።
ነገ ትመለሳለች፤ እሷም ቤቷ ነው።

የመንገዱ መብራት ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሲበራ
ጥላ አጥር ይዘላል፤ ጥላ ደግሞ ዘበኛ አይፈራ።
በጣቴ ስልኩ ላይ ወሰን አበጀሁላት፤
«ከዚህ ወዲያ ያለው ጉዳይሽ አይደለም» አልኳት።
ከእርሻው ወጥቶ ቆሻሻ የሚያምሰውን ቀበሮ
እንዳታየው አንገቷን አቀናሁ፤ እሱም አለበት ኑሮ።

ሳሎን ያለችው ሴንሰር ሙቀት እንጂ መልክ አታውቅ፤
ማቀዝቀዣው ፊት ሰቅለዋት ስትባንን ትውላለች፣ ስትሳቀቅ።
ሐምሲን የነፈሰ ለት መጋረጃው ሆዱን ሲነፋ
«ሰው! ሰው!» ትላለች፣ ሰው በጠፋ።
ነቅዬ ጥግ ሰጠኋት፤ ፍርሃቷን ከዘጠኝ ወደ አምስት አወረድኩ።
ለቅጠል የጮኸ ውሻ፣ ሌባው ሲደርስ ድምፅ የለው፤
ይህን ለደንበኛ ሁሉ እላለሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቀው።

እሳቸው ውኃ ይዘው ከኋላ ከኋላዬ ይላሉ፤
«ዝም ሊል ነው ማለት ነው? ጨርሶ?» አሉ።
«ጨርሶ» አልኩ፣ ኩራቴን ሳልደብቅ።
ብርጭቆውን ተቀበሉኝ። ፊታቸው ግን አልሳቀም።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙ የለም።
አንዷ ግን፣ ምሽት ሁለት ሰዓት፣ ከወጥ ቤት፤ አንድ ቀን አታዛንፍም።
ነፋስ የለ፣ ድመት የለ፣ ፀሐይ ከገባች ቆየች፤
ባትሪ ቀየርኩ፤ ብሎን አጠበቅኩ፤ በማግስቱም ጮኸች።
በመጨረሻ የኮሪደሩን ምስል ከፈትኩ፦
አንድ እጅ፤ በእጁ የሰሃን ማድረቂያ ፎጣ፣
ሴንሰሯ ፊት ይውለበለባል፣ አንዴ ሲወርድ አንዴ ሲወጣ።

ዞሬ አየኋቸው። ፎጣውን አጣጠፉ፤ አንገታቸውን ሰበሩ።
«እኔ ነኝ» አሉ፣ ለወለሉ እየተናገሩ።
«ደህና ከሆንኩ አይደውልም። ሥራ አለው፤ አልቆጣውም።
ሲደወልለት ግን ይደውላል፤ ‹እማ፣ ምንድነው?› ሲለኝ ‹ምንም›።
ከዚያ ትንሽ ይቆያል። በላሽ ወይ ይላል፤ አንዳንዴ ስለ ባሕሩ ያወራል።
ሌቦቹን አባርርልኝ ልጄ፤ እሷን ግን ተዋት፤ ምን ትጎዳሃል?»

መሰላሉ ላይ ቆየሁ፣ ብሎን መፍቻው በእጄ።
ራምላ እናት አለችኝ፤ መቼ እንደደወልኩላት ዘነጋሁ።

አሳፍ ደወለ፤ «እጅህ ይባረክ፤ አንዷ ብቻ ቀረች» አለኝ።
«ያረጀ ሽቦ ነው፤ አይድንም» አልኩት፤ ምላሴ ትንሽ ጎተተኝ።
«ስትጮህ ግን ችላ እንዳትላት፤ እናትህን ጠይቅ።»
ቅጹ ላይ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ አለቃዬ እንዳያውቅ
«እርጥበት» ብዬ ጻፍኩ።
በአፉላ፣ በሐምሌ ጠራራ፣ እርጥበት!
ውሸት ልቀንስ መጥቼ
አንድ ውሸት ጨምሬ ወጣሁ።